የሴቶች ቢጃማ፦ በደሴም በኮምቦልቻም የሚደጋገሙ ስህተቶች

ለደሴ ብርድ ተብሎ በብዛት የሚገዛው ያ ጸጉራሙ ወፍራም ቢጃማ ነው። ሲዳስሱት ይለሰልሳል፣ ፒያሳ ተሰቅሎ ሲታይም ዓይን ይስባል። ጨርቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር ደግሞ ላብ አይመጥጥም። ሌሊት ሰውነት ሲያልበው እርጥበቱ ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ሊነጋጋ ሲል ይቀዘቅዝና በብርድ ያባንናል። ጥቂት ከታጠበ በኋላ ብብቱና ጭኑ ላይ ጥቃቅን ድብልብል ያወጣል። ባጠባችሁት ቁጥርም ዓይን የማያያቸው የፕላስቲክ ክሮች ከውሃው ጋር ይወጣሉ፤ ያ ውሃ ወደ ቦርከና ወንዝ፣ ቦርከናም ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። ከሁሉ የሚያስፈራው የከሰሉ ነገር ነው። ፍንጣሪ ያረፈበት ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥም ቢሆን፣ በተለይ ውስጡ የተበጠረው ፍላኔል፣ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። የትኛውንም ለብሳችሁ ምድጃ ላይ አትጎንበሱ።

ሻጩ “ጥጥ ነው” ስላለ ብቻ ማመን ሌላው ስህተት ነው። ከጨርቁ ጫፍ ሁለት ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱ። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት እየሸተተ ይነድና ሲነኩት የሚፈርስ ግራጫ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይኮማተርና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ቅልቅል ከሆነ አመዱ ውስጥ ጠጣር ነገር ይገኛል። “ሳቲን” የሚባለውም የአሸማመን ስም ስለሆነ ክሩ ምን እንደሆነ አይነግራችሁም።

ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ በከፍታ ግን 600 ሜትር ግድም ይበላለጣሉ። ጨርቅ ገዝቶ ለሚያሰፋ፣ ለላይኛው ከተማ ለደሴ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 180 ግራም የሚመዝን ፍላኔል፣ ለታችኛው ለኮምቦልቻ ከ110 እስከ 130 ግራም የሆነ ፖፕሊን፣ ማለትም ስስና ጥብቅ ሽመና ያለው የሸሚዝ ጥጥ ይስማማል። የአንሶላ ጥጥም ለኮምቦልቻ ሙቀት ጥሩ ነው። ሚዛን ከሌለ ጨርቁን ወደ ብርሃን ያዙት፤ ከጀርባው ጣታችሁ ቁልጭ ብሎ ከታየ ለሱሪ አይሆንም። ፈትል ለነጠላና ለጋቢ ይቆይ፤ ላላ ብሎ ስለሚሸመን ለሱሪ ሲውል ጉልበቱ ወዲያው ይነፋል።

አሁን ወደ ዋናው፦ ጨርቁን ሳይዘፈዝፉ ልብስ ሰፊ ዘንድ መውሰድ። ይህ ስንት ጊዜ ተነግሮ ስንት ጊዜ ተረሳ! ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ተወጥሮ ነው የሚሸመነውና የሚጠቀለለው። ውሃ ሲነካው ክሩ ያብጣል፣ ጨርቁም ይሰበሰባል። በሽመና የተሠራው ከ3 እስከ 5 በመቶ፣ የካናቴራ ጨርቅ ደግሞ ከዚያም በላይ ያጥራል። 100 ሳንቲ ሜትር የነበረ ሱሪ 5 ሳንቲ ሜትር ሲያጣ ቁርጭምጭሚት ቢታይ ግድ የለም፤ ችግሩ መቀመጫው አብሮ ማጠሩ ነው። ጎንበስ ሲሉ የኋላው ስፌት ይወጠራል፣ ከዚያ ይተረተራል፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው ይወቀሳል። እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት፤ ሳትጠመዝዙ አስጡት፤ እርጥበቱ ሳያልቅ አራቱን ማዕዘን ሳብ ሳብ አድርጋችሁ አቃኑትና ተኩሱት። ለረጅም እጅጌ ሸሚዝና ሱሪ፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር ከሆነ ጨርቅ 3.5 ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ ለሚያጥረው 20 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ለሐሙስ የሚፈለግ ልብስ ጨርቁ ረቡዕ ከመጣ ይህ ሁሉ አይደረግም፤ ቀደም ብላችሁ ግዙ።

ጨርቅ ለመቆጠብ ሱሪውን አግድም ማስቀደድም የዚሁ ወንድም ነው። የሱሪው ቁመት በድሩ በኩል ይሁን፤ ድሩ ከጨርቁ የፋብሪካ ጠርዝ ጎን ለጎን የሚሄደው ክር ነው። በማጉ፣ ማለትም ድሩን በሚያቋርጠው ክር በኩል የተቀደደው ጉልበቱ ይነፋል፤ በሰያፍ የተቀደደው ከታጠበ በኋላ እግር ላይ ይጠማዘዛል።

የእግሮቹ መጋጠሚያ ሁለት ጊዜ ካልተሰፋ አትረከቡ።

ላስቲክ ከጨርቁ ቀድሞ ይላላል፤ ስለዚህ ከወገቡ ጋር አጣብቆ ማሰፋት ሙሉውን ቢጃማ ለላስቲክ ሲሉ መጣል ነው። ዙሪያውን መሿለኪያ ይሠራለት፣ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተውና ላስቲኩ በስፒል ይሳብ። ስፋቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከወገብ ልክ 5 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ቢሆን ይበቃል። ከሰኞ ገበያ የተገዛ ልባሽም ጨርቁ ደህና ከሆነ በዚሁ ዘዴ ይድናል።

በረኪና ቢጃማ ላይ አታፍስሱ። ጥጡን ያሳሳዋል፣ ላይክራ የሚባለው የሚለጠጥ ክር ካለበትም ላይክራውን ይበጣጥሰዋል። አብዛኞቹ በረኪና የሚያነሡት ለወር አበባ ደም ነው፤ የሚለቀው ግን በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሳይደርቅ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉትና በደረቅ ሳሙና እሹት። ሙቅ ውሃ ደሙን አብስሎ ክሩ ላይ ያስቀረዋል።

ቀለም እንዳይለቅ ብሎ ጨው ውስጥ መዘፍዘፍ ፋብሪካው ያላስያዘውን ቀለም አያስይዝም። ከመግዛታችሁ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹበት፤ ነጩ ቀለም ከያዘ ተዉት።

ስታሰጡ ገልብጡትና ጥላ ላይ ይዋል፤ የደጋ ፀሐይ ቀለሙን ያነጣል፣ ክሩንም ያደክማል። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ የሆነውን አጣጥፎ ቁምሳጥን መክተት ሻጋታ ያመጣል። ቤት ውስጥ ገመድ ላይ፣ ከከሰል ርቆ፣ አየር በሚያልፍበት ይሰቀል። መጨረሻ የሚደርቁት ወገቡና ኪሱ ናቸው፤ ጉንጫችሁን አስነኩት፣ ቀዝቀዝ ካለ ገና አልደረቀም።