ውድ የፑል ስቲክ ከመግዛታችሁ በፊት

ድሬዎች፣ የራሳችሁን ስቲክ ልትገዙ ካሰባችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ገጣጥማችሁ ጠረጴዛው ላይ አንከባሉት። ዓይናችሁ ጫፉ ላይ ይሁን። ከተጣመመ ብድግ ቁጭ ይላል፤ ያኔ ምንም ቢያምር ተዉት።

ከሁሉም በላይ ግን ጫፉ ላይ ያለችውን ቆዳ እዩ። ስፋቷ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ ኳሱን የምትነካው እሷ ብቻ ናት። ጠንክራ ካብረቀረቀች እንዳትንሸራተት የምትቀባውን ቾክ (ጠመኔ) አትይዝም፣ ምቱም ይንሸራተታል። ብዙ ጊዜ አሮጌ ስቲካችሁ የሚያስፈልገው አዲስ ቆዳ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ በጣም ይረክሳል። መያዣው ላይ ላለው ጌጥ ባትከፍሉ ደስ ይለኛል።

ከገዛችሁም በድሬ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ሙቀቱ እንጨቱን ያጣምመዋል።