በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሳይክልን ጉልበት ለማሻሻልና ሙቀቱን ለመቀነስ የሚደረጉ ለውጦች

በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት የምናያቸው እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉ ሞተር ሳይክሎች ባለ አንድ ሲሊንደር ሲሆኑ፣ ራዲያተርም ሆነ የማቀዝቀዣ ውኃ የላቸውም። ከቃጠሎው የሚመጣውን ሙቀት የሚያስወግዱት በሲሊንደሩ ዙሪያ የተደረደሩት የአሉሚኒየም ክንፎችና የሞተር ዘይቱ ናቸው። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ጉልበትም ሆነ ሙቀት ከሁሉ በላይ የሚወሰነው ካርቡረተሩ ቤንዚንና አየርን በሚያደባልቅበት መጠን ነው፤ ይህ መጠን ሳይስተካከል የሚገጠም ማናቸውም ውድ ዕቃ ገንዘብ ከማባከን አያልፍም።

የምንነዳበት ከፍታ እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡረተር ደግሞ እዚህ ሲመጣ ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ሞተሩ ይደክማል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ነዳጁም ቶሎ ያልቃል። በተቃራኒው ለአዲስ አበባ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ሞተር ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለችው አዋሽ ከተማ ሲወርድ ቤንዚኑ ስለሚያንሰው ከመጠን በላይ ይግላል፤ ሙቀቱ ከቀጠለም የጭስ ማውጫውን ቫልቭና ፒስተኑን ይጎዳል።

ሥራው የሚጀመረው ዕቃ ከመግዛት በፊት ነው። በክንፎቹ መካከል የደረቀውን ጭቃ ያጽዱ፣ ዘይቱን ይለውጡ፣ የቫልቮቹንም ክፍተት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በቀዘቀዘበት ጊዜ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ያስተካክሉ፤ ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ በደንብ ስለማይገጥም ይቃጠላል። ፍሪሲዮኑ በዘይት ውስጥ ስለሚሠራ የመኪና ዘይት ሊያንሸራትተው ይችላል፤ ስለዚህ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ምልክት ያለበትን የሞተር ሳይክል ዘይት ይምረጡ።

ቀጥሎ ካንዴላውን ያንብቡ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነጻና አስተማማኝ በሆነ ዳገት ላይ የነዳጅ መስጫውን እጀታ ሙሉ በሙሉ ከፍተው ጥቂት ይንዱ፣ ከዚያም ፍሪሲዮን ይዘው ወዲያውኑ ሞተሩን ያጥፉና ዳር ይዘው ይቁሙ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚወጣው ካንዴላ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ትክክል ነው፤ ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ከነጣ ደግሞ አንሷል። ወደ ቆላ አዘውትሮ ለሚሄድ ሰው አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ የሆነ፣ ማለትም ሙቀትን ቶሎ የሚያስወግድ ካንዴላ ሊጠቅም ይችላል፤ በኤንጂኬ ካንዴላዎች ላይ የሙቀት ቁጥሩ በጨመረ መጠን ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው።

ድብልቁን የሚለውጠው ዋናው ጄት፣ ማለትም በካርቡረተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቁራጭ ነው። ዋጋው ከሁሉም ዕቃ ያነሰ ሆኖ ሳለ ብዙዎች የሚዘሉት መሆኑ ያሳዝናል። የቤንዚኑን መዝጊያ ይዝጉ፣ በካርቡረተሩ ሳህን ውስጥ የቀረውን ቤንዚን ያፍስሱ፣ ከዚያም በልኩ በሆነ ካቻቢቴ ጄቱን ይፍቱ። በላዩ የተቀረጸውን ቁጥር መዝግበው፣ ቤንዚኑ ከበዛ በአንድ ደረጃ ብቻ ያነሰ፣ ካነሰ ደግሞ በአንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያለ ጄት ይግጠሙና የካንዴላውን ምርመራ ይድገሙ። ቀዳዳውን በሽቦ ማስፋት ፈጽሞ አይገባም። የቀድሞውን ጄት አይጣሉት፤ ወደ ቆላ ሲወርዱ መልሰው ይገጥሙታል። ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጭላቸው ሞተሮች ግን ከፍታውን በሴንሰር ስለሚያስተካክሉ ይህ አይመለከታቸውም።

አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ የጥጥ ወይም የስፖንጅ ፊልትሮ ጥቂት ሊረዳ ይችላል። ነገር ግን የፊልትሮውን ሳጥን አውጥቶ በቦታው ሾጣጣ ፊልትሮ ብቻ መግጠም በእኛ አቧራማ መንገድ ላይ የፒስተኑን ፋሻ ያስበላል፤ ከሞተሩ አጠገብ የሞቀ አየርም ያስገባል።

ጭስ በነጻነት የሚያወጣ ማርሚታ ከተገጠመ ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚጨምር ብዙ ጊዜ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ጄት ያስፈልጋል። ቀድሞ ቤንዚን በዝቶበት የነበረ ሞተር ከሆነ ግን ማርሚታው ብቻውን ሚዛኑን ሊያስተካክለው ስለሚችል፣ ጄት ከመግዛት በፊት ካንዴላው መታየት አለበት። የማርሚታውን ውስጠኛ ክፍል ቆርጦ ማውጣት ጩኸት ይጨምራል፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ በሚዞርበት ጊዜ ያለውን የመሳብ አቅምም ይቀንሳል። በጭስ ቱቦው ላይ የሚጠመጠመው መከላከያ ጨርቅ እግርን ከሙቀት ያድናል እንጂ ሞተሩን አያቀዘቅዝም፤ እርጥበት ስለሚይዝም ቱቦውን ያዝገዋል።

በእኔ እምነት ቆላ ለሚሠራ ወይም ሸክም ለሚያበዛ ሰው ከተጨማሪ ዕቃዎች ሁሉ የሚሻለው የዘይት ማቀዝቀዣ ነው። ለሞተርዎ ዓይነት የተሠራ ማገናኛ ያለውን ይምረጡ፤ ማቀዝቀዣውንም ነፋስ በሚያገኝበት፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚሄደውን አየር ግን በማይጋርድበት ቦታ ይግጠሙት። ቱቦዎቹ የጭስ ቱቦውን መንካት፣ መሪው ሲዞርም መወጠር የለባቸውም። ለደጋ ቴርሞስታት፣ ማለትም ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ማቀዝቀዣው እንዳይሄድ የሚያግድ መቆጣጠሪያ ያለው ይመረጣል፤ ዘይቱ በደንብ ካልሞቀ በውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበት ስለማይተን ዘይቱ እንደ ወተት ይነጣል። ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ የራሳቸውን ዘይት ስለሚይዙ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነስተው ያጥፉት፣ የዘይቱን ልክ አይተው የጎደለውን ይሙሉ፣ ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ በኋላም መጋጠሚያዎቹ አለማንጠባጠባቸውን ያረጋግጡ።