ቱቦው የት ሄደ? ዳይፊኒልአላኒን ላይ መድኃኒት ስትጭኑ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በደብረ ማርቆስም ይሁን በባሕር ዳር ለምትሠሩ ተማሪዎች፦ ዳይፊኒልአላኒን ውሃ ውስጥ ራሱን ወደ ጥቃቅን ቱቦ የሚያደራጅ አጭር ፔፕታይድ (የፕሮቲን ቁራጭ) ነው፤ ቱቦውን መድኃኒት ተሸካሚ ለማድረግ የያዛችሁት አሠራር ግን ለመድኃኒት የተጻፈ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ሬቸስና ጋዚት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ቱቦውን የብር ሽቦ መቅረጫ ሊያደርጉት ነው። ለብር የማያስቸግረው ሴል ይገድላል።

100 ሚሊግራም ፔፕታይድ ሄክሳፍሎሮአይሶፕሮፓኖል በተባለ መሟሟያ 1 ሚሊሊትር ውስጥ ታሟሟላችሁ፤ ከዚያ 20 ማይክሮሊትር ወስዳችሁ 980 ማይክሮሊትር ውሃ ላይ ትጨምራላችሁ። ደፈረሰ፣ ቱቦ ሆነ። 2 በመቶው ግን ያው መሟሟያ ነው። ሴሉ ሲሞት ጥፋቱ ለቱቦው ይሰጣል። ፔፕታይድ የሌለው፣ መሟሟያው ብቻ በዚያው መጠን የገባበት ማነጻጸሪያ ይኑራችሁ።

ያደረ ስቶክ (በመሟሟያው የተሟሟው ወፍራም ፔፕታይድ) ይደፋ።

መሟሟያውን ሽሽት በሙቅ ውሃ የሚያሟሙ አሉ፤ ደግ አደረጉ። ነገር ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። «ፈልቷል» ብላችሁ 100 እንዳትጽፉ፤ ቴርሞሜትር ክተቱ።

አሁን ወደሚያናድደው። 2 ሚሊግራም በሚሊሊትር ላይ የቆመውን ቱቦ በሴል ሚዲያ (ሴሉ በሚያድግበት ፈሳሽ) 100 እጥፍ ስታቀጥኑት 0.02 ይሆናል፤ ቱቦው በወጥ ውስጥ እንደገባ ጨው ይሟሟል። የብልቃጡ ድፍርስ ፈሳሽ ሲጠራ ዓይናችሁ እያየ «በደንብ ተቀላቀለ» ትላላችሁ! ከዚያ ከቱቦው የወጣ ነጻ ዶክሶሩቢሲን (የካንሰር መድኃኒት) ሴል ላይ ደፍታችሁ «ተሸካሚው ሠራ» የሚል ግራፍ ይመጣል። «በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተነዋል» አይባልም፤ ጠብታው ሲደርቅ ፔፕታይዱ ይወፍርና ቱቦው እዚያው ይሠራል። ያያችሁት የደረቀውን እንጂ ሴሉ ያገኘውን አይደለም። በሴንትሪፊዩጅ ስታጥቡም ንጹሕ ውሃ ቱቦውን ይበላዋል፤ በፔፕታይዱ የጠገበ ውሃ አዘጋጅታችሁ በእሱ እጠቡ። ቱቦው በሚዲያ ውስጥ መቆየቱን ሳታረጋግጡ ሴል አትንኩ።

መድኃኒቱ ከቱቦው በምን ፍጥነት እንደሚወጣ የምትለኩበት ዳያሊሲስ ከረጢትም (ቀዳዳው ጥቃቅን የሆነ ወንፊት መሰል ከረጢት) ያታልላል። መድኃኒቱን ቱቦው ያዘው ወይስ ከረጢቱ? ቱቦ የሌለበትን ዶክሶሩቢሲን በዚያው ዓይነት ከረጢት ካላስኬዳችሁ አታውቁም። ከጨመራችሁት መድኃኒት ላይ በፈሳሹ የቀረውን ቀንሳችሁ ቱቦው ላይ የተጫነውን ስታሰሉ ደግሞ ዶክሶሩቢሲን ፕላስቲክ ላይ እንደሚለጠፍ አስቡ፤ ቱቦ የሌለበት ባዶ እቃም ይለካ።

ከፍሪዘር የወጣ ፔፕታይድ የክፍሉን ሙቀት ሳይይዝ ክዳኑ አይከፈት። በተለይ በጎጃም ክረምት አየሩ ርጥብ ስለሆነ ዱቄቱ ውሃ ይጠጣል፤ ሚዛኑ 100 ሲላችሁ ከዚያ ውስጥ ውሃም አለበት።