ባለ ሆርን ታወር ስፒከር፦ ድራይቨሩ ደጋግሞ የሚቃጠለው ለምንድን ነው? (ችግርና መፍትሄ)

እዚህ የማወራው ገዝተን ሳይሆን ራሳችን ስለምንገጣጥመው ታወር (ረጅም የቁም ስፒከር) ነው፤ ከታች ባለ 12 ወይም ባለ 15 ኢንች ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው)፣ ከላይ የድምፅ መውጫው 1 ኢንች የሆነ ድራይቨር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው) የታሰረበት ሆርን፣ ማለትም እንደ መለከት የሚሰፋ አፍ። በእኛ አገር ሰው በደፈናው «ሞንታርቦ» ይለዋል። የጣሊያን ብራንድ ስም ነው፤ አሁን ግን ሰፈር ውስጥ የተገጣጠመውም በዚያው ስም ይጠራል። ገመዱን፣ ፊውዙን፣ አምፑን አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ላይኛው ዝም ብሏል፣ ወይም እንደተቀደደ ላስቲክ ይንሻጠጣል

ከምሠራው ጥገና አብዛኛው ይኸው ነው። ድራይቨሩን ከክሮስኦቨሩ (ቀጭኑን ድምፅ ለድራይቨሩ፣ ወፍራሙን ለዉፈሩ ከሚያከፋፍለው ሰሌዳ) ነጥላችሁ በቴስተር ለኩ። ደህና የሆነ ባለ 8 ኦም ድራይቨር ወደ 6 ኦም ገደማ ያነባል። ምንም ካላነበበ ቦቢናው (ድምፅ የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ተበጥሷል። 6 እያነበበ ከተንሻጠጠ ቦቢናው ከቦታው ለቋል፣ ወይም ዲያፍራሙ (ቦቢናው የተጣበቀበት የሚርገበገበው ስስ ሽፋን) ተሰንጥቋል፣ ወይም የማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል።

እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። ስህተቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ አዲስ ዲያፍራም ተገዝቶ ይገባና «ተሠራ» ይባላል። አልተሠራም። የተቃጠለው ድራይቨሩ ይሁን እንጂ በሽታው ያለው ክሮስኦቨሩ ላይ ነው።

በአንድ የጥር ሰርግ ወቅት አንድ ልጅ ያንኑ ታወር ሁለት ጊዜ አመጣልኝ። ሁለቴም ሳጥኑን እንድከፍት አልፈቀደም፤ ድንኳን እየጠበቀው ነበር። ሦስተኛውን ዲያፍራም ራሱ ገዝቶ ራሱ አስገባ፣ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሠራ ተንሻጠጠ። ያኔ ሳጥኑን ከፈትኩት። ውስጡ ክሮስኦቨር የሚባል ነገር አልነበረም፤ አንዲት ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በገዛ እግሯ ተንጠልጥላለች። የገዛውን ዲያፍራም ስለካው 11 ኦም አነበበ። ባለ 16 ኦም ነው የሸጡለት።

ሒሳቡን እንየው። ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ8 ኦም ጋር የሚቆርጠው፣ ማለትም ከዚያ በታች ያለውን ድምፅ መቀነስ የሚጀምረው፣ 2000 ኸርዝ ላይ ነው። ከ16 ኦም ጋር ሲሆን ወደ 1000 ኸርዝ ይወርዳል። ስለዚህ ሦስተኛው ከቀደሙት ሁለቱ የባሰ ጫና ወረደበት። ዲያፍራም ስትቀይሩ ኦሙን ካላመሳሰላችሁ ክሮስኦቨሩን ሳትነኩት ቀየራችሁት ማለት ነው።

ያቺ ብቸኛ ካፓሲተር ደግሞ ትክክለኛው ኦም ላይ ብትሆንም አትበቃም። ነጠላ ካፓሲተር ድምፁን የሚቀንሰው ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር በ6 ዲሲብል ብቻ ነው። የሆርን ድራይቨር ደግሞ ያንኑ ድምፅ ለማውጣት ድግግሞሹ በግማሽ ሲወርድ በእጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። ከዚያም ሆርኑ ራሱ የማይሠራበት ደረጃ ላይ ሲደርስ በአንገቱ ያለው አየር ዲያፍራሙን መያዙን ይተዋል። የሚሊሜትር ክፋይ ብቻ እንዲርገበገብ የተሠራ ስስ ብረት ያለ ፍሬን ይቀራል። የተሰነጠቁ ዲያፍራሞችን ስከፍት ጠርዛቸው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ዙሪያውን ሲሄድ አያለሁ። ያ የሙቀት ሥራ አይደለም፤ ከልኩ በላይ ተወዝውዞ የደከመ ብረት ነው። ቦቢናው ጠቁሮ የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተታችሁ ግን ጉዳዩ ሙቀት ነው፤ ወደ አምፑ ሂዱ።

መፍትሄው፦ ካፓሲተሩን በተከታታይ፣ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ጨምራችሁ ከድራይቨሩ ጋር በትይዩ አድርጋችሁ ክሮስኦቨሩን ባለ 12 ዲሲብል አድርጉት። ለ8 ኦም፣ 2000 ኸርዝ ላይ ለመቁረጥ 5 ማይክሮፋራድ (4.7 ይሆናል) እና ወደ 1.27 ሚሊሄንሪ። 3000 ኸርዝ ላይ ለመቁረጥ 3.3 ማይክሮፋራድ እና 0.85 ሚሊሄንሪ። የድራይቨሩ ቦቢና 25 ሚሊሜትር ከሆነ 3000ውን ውሰዱ፤ 44 ሚሊሜትር የሆነ ጥሩ ድራይቨር 2000 ላይ ይመቸዋል። ሆርኑም መቻል አለበት፤ የምትቆርጡበት ድግግሞሽ ሆርኑ መሥራት ከሚያቆምበት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሁን።

ካፓሲተሩ የፊልም ይሁን፤ ከ100 ቮልት በታች አትግዙ። ባለ 200 ዋት አምፕ 8 ኦም ላይ እስከ 56 ቮልት ጫፍ ስለሚያወጣ ባለ 63ቱ ትንፋሽ የለውም። ፕላስና ማይነስ የተጻፈበት የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተር ክሮስኦቨር ላይ አታስገቡ። ደግሜ እላለሁ፣ አታስገቡ። በየሱቁ የሚሸጡ ዝግጁ የክሮስኦቨር ሰሌዳዎች አሉ፤ ላያቸው ላይ 300 ዋት ተጽፎ ኮይላቸው የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። የያቺ ኮይል የብረት እምብርት ገና ድምፁ ከፍ ሲል በማግኔት ኃይል ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ያልነበረች ያህል ነው። የአየር ኮይል (መሃሉ ብረት የሌለው) ግዙ ወይም ራሳችሁ ጠምጥሙ፤ ለዉፈሩ ከሆነ ሽቦው ወፈር ይበል።

ድራይቨር ስትገዙ «ስንት ዋት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። የቦቢናውን ዲያሜትር ጠይቁ። ስሙ የተጻፈበትን የፕላስቲክ ክዳን አስነሱና ማግኔቱን እዩ፤ ሰፊ ክዳን ስር የሻይ ማስቀመጫ የምታህል ማግኔት ተደብቃ ስንት ጊዜ አግኝቻለሁ። 25 ሚሊሜትር ቦቢና ላይ 500 ዋት ተጽፎ ካያችሁ ጥላችሁ ውጡ። የእውነት አቅሟ ጥቂት አስር ዋት ነው።

አምፑ ላይ ቀዩ መብራት እየበራ የሚያጫውት ሰው ደግሞ የትኛውንም ድራይቨር ይገድላል። ጫፉ የተቆረጠ ሞገድ ሙሉ ለሙሉ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ እኩል ቁመት ካለው ንጹሕ ሞገድ ሁለት እጥፍ ኃይል ይይዛል። ጄኔሬተሩ ቮልቴጅ ሲያወርድ ይህ ቶሎ ይመጣል። ትንሽ አምፕ ስለሆነ አያቃጥልም የሚለው ወሬ ውሸት ነው።

ዲያፍራሙን ስትቀይሩ አሮጌውን አንስታችሁ አዲሱን ከመክተታችሁ በፊት ክፍተቱን አጽዱ። ስስ ካርቶን ላይ ማጣበቂያ ፕላስተር ሙጫው ወደ ውጭ እንዲሆን ጠቅልሉና ክፍተቱ ውስጥ ዙሪያውን አዙሩት። የተቃጠለው ቦቢና ብናኝ እንደ ጥላሸት ተጣብቆ ይወጣል። ፕላስተሩ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት፤ እኔ አምስት ስድስት ጊዜ ያዞርኩበት አለ። የብረት መፍቻ ወደ ክፍት ማግኔት አታስጠጉ፤ ከእጃችሁ ተስቦ አዲሱን ዲያፍራም ይበሳዋል። ብሎኖቹን በአንዴ አታጥብቁ። በትንሽ ድምፅ ከ1000 ኸርዝ ወደ ላይ የሚወጣ የሙከራ ድምፅ እያሰማችሁ ተራ በተራ አጥብቁ፤ ከተንሻጠጠ ቦቢናው ግድግዳ ነክቷል።

ምልክት፦ ጆሮ ይወጋል፣ መዝሙሩ ሁሉ «ስ» እና «ሽ» ብቻ ነው

ድራይቨሩ በአንድ ዋት 107 ዲሲብል፣ ዉፈሩ 97 ያወጣሉ እንበል። የ10 ዲሲብል ልዩነት አለ፤ ይህን በኢኳላይዘር የሚያባርር ሰው ሲደክም ይውላል። ከክሮስኦቨሩ በኋላ፣ ከድራይቨሩ በፊት ነጩን የሲሚንቶ ሬዚስተር አስገቡ፦ 5.6 ኦም በተከታታይ፣ 3.9 ኦም ከድራይቨሩ ጋር በትይዩ። ክሮስኦቨሩ አሁንም 8 ኦም ገደማ ያያል፣ ድራይቨሩ ደግሞ ከሚመጣው ኃይል አንድ አስረኛውን ብቻ ያገኛል። ይህ ዕድሜውን ያራዝመዋል። ልዩነቱ 6 ዲሲብል ከሆነ 3.9 በተከታታይ፣ 8.2 በትይዩ። ሬዚስተሮቹ ባለ 20 ዋት ይሁኑ፤ እንጨትም ሽቦም አያስነኳቸው፣ ይግላሉ።

ምልክት፦ «ሆርን ነው» ተብሎ የተሠራው ሳጥን ባስ የለውም

የሆርን አፍ ዙሪያው መሥራት ከሚጀምርበት ድምፅ የሞገድ ርዝመት ጋር ሊቀራረብ ይገባል። 1000 ኸርዝ 34 ሴንቲሜትር ነው፤ 11 ሴንቲሜትር የሆነ አፍ ይበቃዋል። 40 ኸርዝ ግን 8.6 ሜትር ነው፤ አፉ ዲያሜትሩ 2.7 ሜትር ይሆናል። አሜሪካዊው የስፒከር መሐንዲስ ፖል ክሊፕሽ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የባስ ሆርኑን የክፍል ጥግ ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ ግድግዳዎቹና ወለሉ የሆርኑ ቅጥያ ይሆናሉ። 40 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ታወር ውስጥ ጥቂት ፕላይውድ አጥፎ «የባስ ሆርን ሠራሁ» ማለት ገንዘብ ማባከን ነው። ሆርኑን ለላይኛው ተዉት፣ ለታችኛው ቱቦ ያለው ሳጥን ሥሩ። ዉፈር ስትመርጡ ከመግለጫ ወረቀቱ ላይ የኤፍ ኤስ (Fs) ቁጥሩን ለኪው ኢ ኤስ (Qes) ቁጥሩ አካፍሉ፤ 100 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ለቱቦ ይሆናል፣ ወደ 50 ከወረደ ለዝግ ሳጥን ነው። እነዚህ ቁጥሮች ያልተጻፉለትን ዉፈር አልገዛም።

ምልክት፦ የዘፋኙ ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ነው

ባለ 12 ዲሲብል ክሮስኦቨር ላይ የአንዱን ፕላስና ማይነስ ማገላበጥ ይረሳል። የድራይቨሩን ሽቦ አገላብጡና አዳምጡ፤ ድምፁ ወደፊት ከመጣ እንደዚያው ተዉት። ሆርኑ በጣም ረጅም ከሆነ ድራይቨሩ ከዉፈሩ ወደኋላ ስለሚቀር ሁለቱም አቅጣጫ ላያረካ ይችላል፤ ያኔ ሆርኑን ወደፊት አውጡት።

ምልክት፦ ሳጥኑ ይጮኻል

ቺፕውድ ነው። 18 ሚሊ ፕላይውድ ተጠቀሙ፣ ውስጡን ማገር አስገቡበት፣ መገጣጠሚያውን በቪናቪል (የእንጨት ነጭ ማጣበቂያ) ሙሉ።

ምልክት፦ ከጭነት በኋላ የሆርኑ አንገት ተሰበረ

በብሎን ሳይሆን በጥርስ የሚጠመዘዘው ድራይቨር (አንድ ኢንች ከሦስት ስምንተኛው፣ በኢንች 18 ጥርስ) ሙሉ ክብደቱን የሚያንጠለጥለው በፕላስቲክ አንገት ነው። ሦስት አራት ኪሎ ማግኔት አይሱዙ ላይ ተጭኖ ኮረኮንች መንገድ ሲሄድ አንገቱ ይበጠሳል። በብሎን የሚታሰረውን ምረጡ። ምርጫ ከሌላችሁ ከማግኔቱ ስር ከሳጥኑ ጀርባ ጋር የተያያዘ የእንጨት መቀመጫ ሥሩለትና በመሃል የጎማ ቁራጭ አንጥፉ፤ ማግኔቱ እንጨቱ ላይ መቀመጡን በእጃችሁ ገፋ አድርጋችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ክዳኑን ዝጉት።