ከመጠጥ ለመውጣት ስብሰባ ስንሄድ የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያ ዕለት መኪናዬን አቁሜ ሃያ ደቂቃ ያህል ቁጭ አልኩ። የሚገባውን ሰው አያለሁ። የማውቀው ፊት እንዳይኖር ነው ፍራቻዬ። ከዚያ ሞተር አስነስቼ ወደ ቤቴ። በሩን የረገጥኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

የማወራው እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ስለምንሄድባቸው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ስብሰባዎች ነው፤ ባጭሩ ኤኤ። ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

«መጀመሪያ ላቁም፣ ከዚያ እሄዳለሁ»

ሲሻለኝ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ እንደማለት ነው። ኤኤን በ1935 እ.ኤ.አ. አክረን፣ ኦሃዮ ውስጥ የጀመሩት አንድ የአክሲዮን ገበያ ሰውና አንድ ሐኪም ናቸው። ሁለቱም መጠጥ ያሸነፋቸው ነበሩ። ዛሬም አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። ክፍያ የለም። ቅርጫት ይዞራል፣ የፈለገ አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል። አዲስ ሰው ባይጥል ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ቤት ዘግቶ በአንዴ ማቆም

ይሄኛው ቀልድ አይደለም። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው፣ በተለይ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይናወጣል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከባሰም የሚጥል ሕመምና ቅዠት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሊመጣ ይችላል። ሰው ይሞትበታል። እንዲህ ያለ ሰው ከማቆሙ በፊት ሐኪም ያማክር። ከጣለው ወይም የሌለ ነገር ማየት ከጀመረ 911 ይደወል። ስብሰባው ሐኪምን አይተካም።

ሐበሻ እንዳያየኝ ብሎ መሸሽ

ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ ከከተማ ውጭ አንድ ሰዓት እነዳ ነበር። በአራተኛው ሳምንት በረዶ ጣለ፣ ቀረሁ። በዚያው ለመጥፋት ሰበብ አገኘሁ። ኋላ ሰፈሬ ያለውን ስብሰባ ስሞክር አንድ ያገሬ ልጅ ተቀምጦ አገኘሁ። እሱ ከእኔ በላይ ደነገጠ። ለካ እሱም ከኔ ብጤው ሲሸሽ ነው የከረመው። እዚያ ያየህ ሰው እሱም ለዚያው ጉዳይ የመጣ ነው። እርግጥ ስምህን ውጭ እንዳያወጣ የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ አደራ ነው። እስካሁን የኔን አደራ የበላ አላጋጠመኝም።

ክፍትና ዝግ ስብሰባን አለመለየት

የስብሰባዎቹ ዝርዝር ላይ «ኦፕን» የሚለው ማንም የሚገባበት ነው። «ክሎዝድ» የመጠጥ ችግር ላለባቸው ብቻ ነው። እኔ ባለቤቴን ዝግ ስብሰባ ይዣት ሄጄ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ጠበቀችኝ። ለቤተሰብ አል አኖን የሚባል የራሱ ስብሰባ አለ፣ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ።

«ሃይማኖቴን ሊያስቀይሩኝ ነው»

አብዛኛው ስብሰባ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ስለሚካሄድ የኛ ሰው ይጠረጥራል። አዳራሹ ኪራይ ነው። ፈጣሪ ይነሳል፣ ግን «እያንዳንዱ እንደሚረዳው» ተብሎ። ሲጸልዩ ዝም ብሎ መቆም ይቻላል። እኔ ጸበሌንም አልተውኩም። ጭራሽ የፈጣሪ ነገር የማይመቸው ሰው ስማርት ሪከቨሪ የሚባለውን፣ ፈጣሪን ሳያነሳ መጠጥ ለማቆም የሚረዳ ሌላ ቡድን፣ ይሞክር።

ዝምታውን እንደ ንቀት መቁጠር

እኛ ጋ ሰው ችግሩን ሲያወራ ቤቱ በሙሉ «አይዞህ»፣ «ተው እንጂ»፣ «እንዲህ ብታደርግ» ይላል። እዚያ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስናገር፣ ድምፄ እየተቆራረጠ በሰባራ እንግሊዝኛ ሳወራ፣ «እናመሰግናለን» ብለው ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። በጣም ተናደድኩ። ሥርዓታቸው መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ሰው ሲናገር መልስና ምክር አይሰጥም፤ ሁሉም ስለ ራሱ ብቻ ያወራል። አሁን ያ ነገር እረፍት ይሰጠኛል። ማንም አይመክረኝም!

እንዳለቀ ውልቅ ማለት

ወንበር እየታጠፈ፣ የወረቀት ኩባያ እየተለቀመ ነው ስልክ የሚለዋወጡት። ቡናውን እናቴ ብታየው ታለቅስ ነበር፣ ግን ይዘኸው ቁም። ስፖንሰርም የሚገኘው እዚያ ነው። የቪዛው ስፖንሰር አይደለም፤ ቀደም ብሎ ያቆመ፣ ሌሊት ሲያምርህ የምትደውልለት ሰው ነው። ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት ቢሆን ይመረጣል። የመጀመሪያው ስብሰባ ካልተመቸህ ሌላ ሞክር፣ በኢንተርኔት የሚካሄዱም አሉ። እኔ የተመቸኝ አምስተኛው ነው።

ሲያገረሽ መጥፋት

ሰባት ወር ሞልቶኝ ነበር። ሰርግ ላይ «አንዲት ብርሌ ጠጅ ምን ታደርጋለች» አልኩ። ሳምንቱ ሳያልቅ ውስኪ በመኪናው ወንበር ሥር ነበር። በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ ብዬ ሁለት ወር ጠፋሁ። ከመጠጡ ይልቅ የጎዳኝ ያ ሁለት ወር ነው።

ስመለስ መሪዋ «እንደ አዲስ የሚጀምር አለ?» አለች። እጄን አወጣሁ። አጨበጨቡ። አሥር ዓመት ከሞላው ሰውዬ በላይ ለኔ ሲያጨበጭቡ ያሾፉብኝ መሰለኝ። የአንድ ቀን ቺፕ፣ ያልጠጡበትን ጊዜ የምትቆጥር ሳንቲም የምታክል ምልክት፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቡና የሚያፈላው ሽማግሌ የት ጠፋህ እንኳ ሳይለኝ ወንበር ሳበልኝና ኩባያ አቀበለኝ። ቡናው ያው ነው፣ አይጠጣም።