ቮልስ ፋዝ ሲዛባ፦ ስፒንተሮጅኖውን ከማዞራችሁ በፊት

ቮልስ ይዘው የሚመጡልኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሉኝ ተመሳሳይ ነው። «ፋዙ ተዛብቷል። ባለፈው ወር አስተካክለውልኝ ነበር። እንደገና ዳገት አልወጣም አለች።» እኔ የምይዘው «እንደገና» የምትለዋን ቃል ነው። ፋዝ ማለት ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ነው፤ በየወሩ በራሱ አይዛባም። ከተዛባ የሚያዛባው ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ደግሞ አልተነካም ማለት ነው።

ካንዴላ፣ ገመድ፣ ባትሪና ቤንዚን አይታችኋል ብዬ ልነሳ። የቫልቮላው ክፍተትም ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ተስተካክሏል።

ምልክት፦ ጉልበት የለም፤ ሞተሩ ቶሎ ይግላል፤ ቤንዚን ሲረገጥ ዘግይቶ ይነሳል

ፋዙ ዘግይቷል። ያዘገየው ግን ብዙውን ጊዜ ስፒንተሮጅኖው (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ውስጥ ያለው ፑንቲና፣ ማለትም እየተከፈተና እየተዘጋ የሚሠራው የብረት መገናኛ ነው። ፑንቲናው የስፒንተሮጅኖውን ዘንግ እየታከከች የምትሠራ ትንሽ የፕላስቲክ እግር አለችው። እግሯ ስትበላ የመገናኛው ክፍተት ይጠባል። ክፍተቱ ሲጠብ ፑንቲናው ዘግይቶ ይከፈታል። ቦቢናው (የእሳቱን ኃይል የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ) እሳት የሚሰጠው ፑንቲናው ሲከፈት ስለሆነ እሳቱም አብሮ ይዘገያል።

አሁን የሚሆነውን ተመልከቱ። መካኒኩ ክዳኑን ሳይከፍት ስፒንተሮጅኖውን ፈታ አድርጎ በጆሮው እየሰማ ያዞረዋል። ሞተሩ ይነቃል፣ ደንበኛው ከፍሎ ይሄዳል። እግሯ ግን መበላቷን አላቆመችም። ከወር በኋላ ያው ድካም፣ ያው ማዞር። በመጨረሻ ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ ይዘጋና መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች። የሚመጣው ሌላ መካኒክ ፑንቲናውን በአዲስ ይቀይራል፣ ክፍተቱን በትክክል 0.4 ሚሊ ሜትር ያደርጋል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ደስ ብሎት ይዘጋዋል። ስፒንተሮጅኖው ግን ለተበላው ፑንቲና እንደዞረ ቀርቷል። አሁን ፋዙ ዘግይቶ ሳይሆን በጣም ቀድሟል። ከመዘግየት የከፋው ይሄ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ እንዲህ ሆነው መጡ። ለሰርግ ወደ ድሬዳዋ ሊሄዱ ፑንቲና አስቀይረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ መኪናዋ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም ነበር አሉኝ። መተሃራ ሲደርሱ ዳገት በሌለበት፣ ጠጠር ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናወጥ ዓይነት ድምፅ ጀመረ። ቫልቮላ መስሏቸው ቀጠሉ። በጭነት መኪና ተጭና ተመለሰች። ሞተሩን ስከፍት የሦስተኛው ፒስተን አናት ተበስቷል። ከዚያ ስፒንተሮጅኖውን አየሁ። አንገቱ ላይ የድሮ ዘይትና አቧራ የሠራው መስመር ነበር፤ ማሰሪያው ከዚያ መስመር ግማሽ ጣት ያህል ራቅ ብሎ ታስሯል። ፑንቲናው ገና አዲስ ነው፣ ክፍተቱም እንከን የለውም። ያዞረው አንድ ሰው፣ የቀየረው ሌላ። ሁለቱም የየራሳቸውን ሠርተው ሄደዋል።

ድምፁ አዲስ አበባ ላይ ለምን አልተሰማም? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ትንሽ ነው፣ ግፊቱም ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ የቀደመ ፋዝ ብዙ ጊዜ አያንኳኳም። መተሃራ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ ሙቀቱም አለ። ያ የተደበቀ ጥፋት እዚያ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ በጆሮ ፋዝ ማስያዝን የምጠላው ለዚህ ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ቀድሞ መጎዳቱም አያስገርምም፤ በቆዩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ንፋሱን ይከልለዋል።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ፑንቲና፣ ቀጥሎ ፋዝ

ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ክፍተቱ ከተነካ ፋዙ ተነክቷል።

እግሯ የዘንጉ ጉብታ አናት ላይ በደንብ ስትወጣ ክፍተቱን 0.4 አድርጉ። መለኪያ ላሜራ ይኑራችሁ። የሲጋራ ፓኮ ካርቶን መለኪያ አይደለም! ዘንጉ ላይ የክብሪት ጫፍ የምታህል ግራሶ ቀቡ። ግራሶ የሌለው ፑንቲና እግሩ ቶሎ ይበላል። ብዙ ግራሶ ደግሞ ተረጭቶ ፑንቲናውን ያቃጥለዋል። ርካሽ ፑንቲና ስትገዙ ብሎኑን አጥብቃችሁ እንደገና ለኩ፤ ሲጠብቅ ክፍተቱ የሚሸሽ ከሆነ ወደ ሱቁ መልሱት። እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ መሸጥ ሰውን መጉዳት ነው።

ከዚያ የዲናሞውን ነት በመፍቻ ይዛችሁ ፑሌጃውን (የሞተሩን የቺንጋ መዘውር) በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። ሮተሩ (ስፒንተሮጅኖው ውስጥ የሚዞረው) ስፒንተሮጅኖው ከንፈር ላይ ወዳለችው ጭረት ሲያይ፣ የፑሌጃው ምልክት ከሞተሩ ቤት መጋጠሚያ መስመር ጋር ይግጠም። አንደኛው ሲሊንደር ይሄ ነው። የ12 ቮልት አምፖል አንዱን ሽቦ ቦቢናው ላይ ወደ ፑንቲና የሚሄደው እግር ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ አካል ላይ አገናኙ። ቁልፉን ክፈቱ። ስፒንተሮጅኖውን በሰዓት አቅጣጫ አዙራችሁ አምፖሉን አጥፉት፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ መልሱት። ብልጭ ያለበት ቦታ ላይ ቁሙና እሰሩ። ሞተሩን ሁለት ሙሉ ዙር አዙራችሁ ምልክቱ መስመሩ ላይ ሲደርስ መብራቱን አረጋግጡ። ቁልፉን ከፍታችሁ ምሳ አትሂዱ፤ ፑንቲናው ተዘግቶ ከቆየ ቦቢናው ይቃጠላል።

ምልክቱ ስንት ዲግሪ ነው? ለብዙዎቹ የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 1300 እና 1500 ሞተሮች ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ ነው። በ1971 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ የመጡት ሁለት የቫኩም ቱቦ ያላቸው ስፒንተሮጅኖዎች ግን ፒስተኑ ጫፍ ካለፈ በኋላ 5 ዲግሪ ዘግይተው ነው የሚያዙት፤ ያውም በአምፖል ሳይሆን ቱቦዎቹ እንደተገጠሙ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በስትሮብ መብራት (ከእሳቱ ጋር ብልጭ እያለ ምልክቱን በሚያሳይ መብራት)። አካሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳታነቡ የሌላ መኪና ልክ አትስጡት። 009 (ቫኩም የሌለው የቦሽ ስፒንተሮጅኖ) ከሆነ ሞተሩ ቆሞ መያዙ አይበቃም። በደቂቃ ከ3,000 ዙር በላይ በስትሮብ መብራት ሲታይ ጠቅላላው ከ28 እስከ 32 ዲግሪ መሆን አለበት።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ ክፍተቱን ድገሙ። አዲስ እግር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይበላል።

ሌሎቹ

ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲዞር ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፦ ፋዙ በጣም ቀድሟል፣ ወዲያው አቁሙ።
ሲሞቅ ይጠፋል፣ ፑንቲናው ተቃጥሏል፦ ኮንደንሰሩን (ስፒንተሮጅኖው ጎን ያለችውን ትንሽ ጣሳ) ቀይሩ።
አምፖሉ በየዙሩ ሌላ ቦታ ይበራል፦ የስፒንተሮጅኖው ዘንግ ላልቷል።
ሁሉ ልክ ሆኖ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ይተኩሳል፦ የካንዴላ ገመዶቹ ተዛንቀዋል፤ ተራው 1-4-3-2 ነው።

ይህን ሞተር በቤት በተሠራ አውሮፕላን ላይ ማስገባት አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የቆየ ነገር ነው። አንድ ወጣት ይህንኑ ሊያደርግ ጠይቆኝ ነበር። የነገርኩት ይሄ ነው፦ ማራገቢያውና ፑሌጃው ሲወጡ የፋዝ ምልክቱም አብሮ ይሄዳልና ዲግሪ ያለው ሳህን ፕሮፔለሩ መያዣ ላይ እሰር። ፒስተኑ ጫፍ የሚደርስበትን ቦታ በዓይን አትገምት፣ በካንዴላ ቀዳዳ ማቆሚያ አስገብተህ ፈልገው። ማግኔቶ (በራሱ እሳት የሚያመነጭ ዕቃ) ከተገጠመ ደግሞ ባትሪ አይፈልግም፤ እሳቱን ወደ ሞተሩ አካል ወስዶ የሚያጠፋው ሽቦ ከተቆረጠ ቁልፉ ተዘግቶም ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። ፋዝ ስትይዝ ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጣቸው።