የዓሣ ማርቢያ መስታወት (አኳሪየም) ውስጥ አሸዋ እንዴት ይነጠፋል?

ደሴ ውስጥ አንድ ነሐሴ ላይ ጎረቤቴ ቤት ሲሠራ የተረፈውን አሸዋ ሰጠኝ። ሁለቴ ለቅለቅ አድርጌ አኳሪየሙ ውስጥ ገለበጥኩት። ውሃው ክረምት የሞላውን የቦርከና ወንዝ መሰለ! ዓሦቹ የት እንዳሉ እንኳ አይታይም። ሁለት ቀን ታገስኩ፣ በመጨረሻ ሁሉንም ዝቄ አወጣሁት። አሸዋው ክፉ አልነበረም፤ አጣጠቤ ነው የሞኝ።

መጀመሪያ ፍሬውን እዩ። ጤፍ ቢያክል ጥሩ ነው፤ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር። ከዚያ የደቀቀው ይታመቃል፣ የውሃ ማጣሪያውንም (ፊልተሩን) ይደፍናል። ከክሬሸር የሚወጣው ተፈጭቶ የተሠራ ስለሆነ ጠርዙ ስለታም ነው። እንደ ኮሪዶራስ ያሉ አሸዋ እያማሰሉ የሚበሉ ዓሦችን ጢም ይጎዳል። የወንዝ አሸዋ ይሻላል፤ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚገባበት ቦታ ግን አታምጡ።

ከዚያ ሁለት ፈተና አለ። ደረቅ አሸዋ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። አረፋ ካወጣ ኖራ ወይም የቀንድ አውጣ ቅርፊት አለበት፤ እየሟሟ የውሃውን የኖራ መጠን ይጨምራል። ሁለተኛው ማግኔት ነው፤ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይበቃል፤ አሸዋው ላይ አንሸራሽሩት። የወሎ ተራራ ጥቁር ድንጋይ ስለሚበዛው አሸዋው ብረት ያለበት ጥቁር ፍሬ ሊኖረው ይችላል። ዓሣውን ብዙም አይነካም። ግን መስታወት በማግኔት የምታጸዱ ከሆነ ፍሬው እዚያ ላይ ተጣብቆ መስታወቱን ይቧጭርላችኋል።

ምን ያህል ይበቃል? በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ርዝመት በወርድ በአሸዋው ውፍረት አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። 60 በ30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አኳሪየም፣ 4 ሴንቲ ሜትር ለማንጠፍ 7.2 ሊትር ያስፈልጋል። በሚዛን 11 ኪሎ ገደማ ነው።

አሁን ወደ እጥበቱ። ባልዲውን እስከ ሲሶው ብቻ በአሸዋ ሙሉ። ውሃ ጨምራችሁ በእጅ አማስሉ፣ ድፍርሱን ድፉ። እንደገና። እንደገና። አሥር ጊዜም ቢሆን አትሰልቹ። ሳሙና በፍጹም! መጨረሻ ላይ ውሃውን በብርጭቆ ቀድታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ጠጅ ከመሰለ ገና ነው።

ትልልቅ ድንጋይ ካላችሁ አሸዋው ሳይገባ ወለሉ ላይ አስቀምጡ። አሸዋ ላይ ከተቀመጠ ዓሣ ከሥሩ ሲቆፍር ይገለበጣል። እርጥቡን አሸዋ አንጥፉ፣ ላዩ ላይ ሳህን አድርጉና ውሃውን ሳህኑ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ውሃው ጠርቶ አሸዋው እስኪረጋ ፊልተሩን አታብሩ፤ አሸዋ ከሳበ ሞተሩ ያልቃል። የደሴ ብርድ ሂተር ያስገዛል፤ ስትገጥሙት አሸዋ ውስጥ አትቅበሩት።

አዲስ አኳሪየም ከሆነ ዓሣ ለማስገባት አትቸኩሉ። ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። ቆሻሻው ላይ ላዩን ስለሚቀመጥ ውሃ መሳቢያ ጎማውን ከአሸዋው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ መሳብ ነው። በሳምንት አንዴ አሸዋውን በቀጭን እንጨት ወጋ ወጋ አድርጉት። አረፋ ብቅ ብሎ የተበላሸ እንቁላል ከሸተታችሁ አሸዋው ወፍሯል፤ ከላዩ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀንሱለት።